ሦስተኛው ማዳበሪያ

እንቅልፍ ኒቆዲሞስን ካኮረፈው ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጥፋቱን በፀሐይ ላይ ያላክካል። በዚህ በስዊድን አገር ሰኔ ሲገባ ፀሐይ የመሄጃ ሰዓቷን እንደ ረሳች እንግዳ ትሆናለች፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ቢጋርደውም በጠርዙ ሾልካ ትገባና ትራሱ ላይ ትቀመጣለች። ግን ማንን ያታልላል? እዚህ አገር ዐሥራ አንድ ሰኔ አሳልፏል፤ ዐሥሩን እንደ ድንጋይ ተኝቶበታል። ያባነነው የረቡዕ ስልክ ነው፤ ረቡዕ ያባነነውን ደግሞ የትናንቱ ስልክ ጨርሶ አስቀመጠው። አሁን ቅዳሜ ነው፣ ረፋድ አራት ሰዓት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየዋል። ሐረር በአንድ ሰዓት ትቀድመዋለች፤ እዚያ አምስት ሆኗል ማለት ነው። በዘጠኝ ሰዓት አባቱ ይቀበራል። ለሁለተኛ ጊዜ። በመጀመሪያውም ቀብር ላይ አልነበረም።

ረቡዕ የደወለችው ሕይወት ናት፣ ታናሽ እህቱ። ሐረር አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ከእናታቸው ከወይዘሮ እልፍነሽ ጋር ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አባታቸው በወታደርነቱ ዘመን ባገኛት ቤት ይኖራሉ። «ኒቆ፣ ተቀምጠሃል?» አለችው። ቆሞ ነበር፤ ተቀምጫለሁ አላት። «ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሊያሰፋ ነው። በታችኛው በኩል ያሉት መቃብሮች እየተነሡ ነው። ስም ያለው በስሙ ወደ ላይኛው በኩል ይዛወራል፤ ስም የሌለው...» ብላ ቆመች። «ስም የሌለውስ?» አለ፤ መልሱን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። «ስም የሌለው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በአንድ ጉድጓድ ይገባል። ቤተ ሰብ መጥቶ ይሄ የኔ ነው ካላለ።»

ስም የሌለው። ይህችን ቃል ነው ሦስት ቀን ሙሉ መዋጥም መትፋትም ያቃተው። አባቱ ሃምሳ አለቃ አባይነህ ሳህሉ ስም የሌለው ሰው አልነበረም፤ ከጎጃም ተነሥቶ ሐረር ሲመደብ ስሙ በክፍለ ጦሩ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ሠራዊቱ ሲበተን የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆኖ ስሙ በደመወዝ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ በእድሩም መዝገብ አንድ ወር ሳይጎድል ሰፍሯል። ስም ያሳጣው ልጁ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አባቱ ሲሞት የኒቆዲሞስ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ገና ውሳኔ አላገኘም ነበር፤ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ደብዳቤ፣ ቃሉ ትሕትና የሞላበት ነው፣ ውሳኔ ሳይሰጥዎ ከአገር ከወጡ ማመልከቻዎን እንደተዉት ይቆጠራል ይላል። የመዝገብ ቁጥሩን ዛሬም በቃሉ ይወጣዋል። አልሄደም። ቀብሩን በአንድ የማያውቀው ሰው ስልክ አየው፤ ሰውዬው እያለቀሰ ይሁን እየተራመደ ስልኩን ዘቅዝቆት ኖሮ የታየው ጃንጥላና የሰው ጫማ ብቻ ነው። ከዐርባው በኋላ እናቱ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፦ «እንግዲህ ባትመጣም የሐውልቱን ቃል አንተ ጻፍ። ድንጋዩ ተጠርቧል። ምሁሩ አንተ ነህ፤ የሚያምር አድርገህ ጻፍ።» ይጽፍና መጨረሻው ላይ፣ ይህን ያሠሩላቸው ልጃቸው የሚለው ላይ ሲደርስ እጁ ይያዛል። የትኛው ልጃቸው? ያልመጣው? «ነገ እልካለሁ» ይላታል። ነገ እልካለሁ እንዳለ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። የእንጨቱን መስቀል ምስጥ በልቶ ጨረሰው፤ ምንም ያልተጻፈበት ድንጋይ እናቱ ግቢ ግድግዳ ሥር ተጋድሟል፤ በበጋ በርበሬ ታሰጣበታለች። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሕይወት በቪዲዮ ደወለች። አባቱ ከነበረበት ረድፍ ስም የሌላቸው አራት መቃብሮች ቤተ ሰብ ሳይደርስ ተነሥተዋል፤ የአራቱም አጽም በአራት ማዳበሪያ ተከቶ፣ በከሰል ከአንድ እስከ አራት ተጽፎበት፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ተደርድሯል። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ጎረቤት ከቧል፣ ቄሱ ጥላቸውን ይዘው መሐል አሉ። «ሙሉ ሰው ፀሐይ ላይ አይዘረጋም» አሉ ቄሱ። «የምታውቁበት ምልክት ካለ እሱን ብቻ አውጥታችሁ እዩ።» ምልክትማ አለ። አባቱ ቅልጥሙ ተሰብሮ የዳነ ሰው ነው፤ የተሰበረ አጥንት ሲጋጠም እብጠት ይተዋል፣ እብጠቱም ከሰውየው ጋር መቃብር ይወርዳል። «አባዬ ሲሄድ ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር አይደል?» አለች ሕይወት፤ እግሩ ሲሰበር የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች። «ታዲያ የተሰበረው የትኛው ነው?»

ኒቆዲሞስ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። እስከ ሃያ ሰባት ዓመቱ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ መንገድ ሄዷል፤ በፈረስ መጋላ፣ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ሄዷል፤ ወደ አውቶቡስ የሸኘውም ይኸው ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ እያነከሰ ነው። እግሩን ግን አላየም። ይህን በሕዝብ ፊት እንዴት ይበል? እናቱ ለመንደሩ ሁሉ ልጄ አጥንት አጥንቶ ዶክተር ሆነ ብላ ተናግራለች፤ ሰዉም አጥንት አጥንት ነው ብሎ የተሰበረ እጁን ራጅ እያነሣ ይልክለታል፤ እሱም ኧረ እኔ የማውቀው የዓሣ ነው ማለት እያፈረ ሐኪም አሳዩ እያለ ይመልሳል። ስለዚህ አሰበ፤ እንደ ተማረ ሰው አሰበ። «ሰው የታመመውን እግሩን ይሸሻል» አለ። «ወደ ቀኝ ካዘነበለ ግራውን እየሸሸ ነው። ግራውን ፈልጉ።» ፈለጉ። በሦስተኛው ማዳበሪያ ውስጥ መሐሉ ያበጠ የግራ ቅልጥም ተገኘ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይንቀጠቀጣል። «እሱ ነው» አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከጎረቤቶቹ አንዷ እጇን አጨብጭባ «የተማረ ይግደለኝ!» ስትል ሰማ። ከዚያ የእናቱ ፊት ስልኩን ሞላው፤ አጥንቱን ይዛለች፣ አውራ ጣቷን እብጠቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ታመላልሳለች። «እርግጠኛ ነህ ልጄ?» አለችው። «እርግጠኛ ነኝ እማዬ።» አውራ ጣቷ እብጠቱ ላይ ቆመ። «አንተ ካልክ» አለች፤ አጥንቱን ሳመችው፤ በነጭ አቡጀዲ ጠቀለለችው።

አንተ ካልክ። ሌላ ጊዜ ይህችን ቃል እናቱ ስትላት ይኮራባት ነበር፤ ትናንት ግን አንድ ነገር ቆረቆረው፤ ምን እንደሆነ አላወቀም። ከትናንት ጀምሮ የሚያገላብጠው ይኸው ነው። ነገርን ነገር ያነሣዋልና የአባቱ እግር ወደ ተሰበረበት ቀን ይመልሰዋል። ዐሥር ዓመቱ ነው። ከኤረር በር ወጥተው ቁልቁል ወርደዋል፣ እሱና አባቱ፤ አባቱ ያቺን ካኪ ኮቱን ለብሷል፣ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ እንደ ወጣት ይራመዳል። ሰው ለቤት መሥሪያ የሚፈልጠው የኖራ ድንጋይ ገደል አለ፤ እዚያ ላይ፣ ከሁለት ሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለ ነገር ድንጋዩ ውስጥ ተቀምጧል። አስተማሪው እዚህ አገር ድሮ ባሕር ነበር ብሏቸዋል፤ ማንም አላመነም፤ እሱ አምኗል። «አባዬ፣ ያንን አውርድልኝ።» አባቱ ቀና ብሎ አየ። «ለምንህ ነው?» «አባዬ፣ እባክህ።» አባቱ ወጣ። ድንጋዩን ፈልፍሎ ያዘው፤ ሲወርድ እግሩ ሥር ያለው ከዳው። ድምፁን ኒቆዲሞስ ዛሬም ይሰማዋል፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። መጮህ ሲጀምር አባቱ መሬት ላይ ተጋድሞ እጁን ዘረጋለት፣ እጁ ውስጥ ድንጋዩ አለ። «አትጩህ» አለው። «በል ያዝ፣ አልተሰበረም።»

ጫት ጭነው የሚወጡ ሰዎች በአህያ አድርገው ወደ ጀጎል አስገቡት፣ ከኤረር በር ብዙም ወደማይርቀው ወጌሻው ጋሽ ሰዒድ ቤት። ጋሽ ሰዒድ ያኔም በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው የሚያዩ ሰው ናቸው። በሩ ተዘጋ። ኒቆዲሞስ ውጭ፣ ከጠባቧ መንገድ ዳር፣ ድንጋዩን ታቅፎ ተቀመጠ። «ቢስሚላሂ» ሲባል ሰማ። ከዚያ ምንም አልሰማም። ለመስማትም አልፈለገም፤ ዓይኑን የድንጋዩ ጥቅልል ላይ ተክሎ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቆጥራል፤ ውስጥ አባቱ አለ፤ እሱ ይቆጥራል። አባቱ በቀርከሃና በጨርቅ ታስሮ ሲወጣም ያየው ድንጋዩን ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ያየው ድንጋዩን ነው። አባቱ ግን ድንጋዩን ሬዲዮው አጠገብ አስቀምጦ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያል፦ «ልጄ ምሁር የሆነው ይህን አይቶ ነው።» ስለ እግሩ የጠየቀው ሰው ቢኖር ተደናቅፌ ነው ይላል።

ስልኩ ጮኸ። ደነገጠ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ መልእክት ነው፤ የያዙት ሰዓት ጀምሯል፣ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ካልመጡ ተራዎ ለሌላ ይሰጣል። በዚህ አገር ካልሲ ለማጠብ እንኳ ስምህ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስልኩን ገለበጠው፤ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሥራ ያረሳሳል ብሎ ነው።

ሥራው ዓሣ ነው ስንል ሐይቅ ዳር የሚጠበሰውን ማለታችን አይደለም። ከአራት መቶ ሃያ ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ፣ ከባልቲክ ባሕር ደሴት ድንጋይ በአሲድ ሲሟሟ የሚወጣ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ የመንጋጋ ቁራሽ ነው። ያችን ምስር ኃይለኛ ጨረር አሳልፈው ሺህ ጊዜ በስሱ የተቆረጠች ያህል በምስል ይከፋፍሏታል፤ የኒቆዲሞስ ድርሻ እያንዳንዱን ምስል እያየ አጥንቱን ሰማያዊ፣ ጥርሱን ቢጫ መቀባት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲቀባ ኖሯል። መጀመሪያ አካባቢ ለአባቱ በስልክ ሊያስረዳው ሞክሮ ነበር። ከአጥንታም ዓሦች ሁሉ ቀድመው ከነበሩት አንዱ ነው፤ ጥርሱ ሲያረጅ ሥሩ ተበልቶ ይወድቃል፣ በጠባሳው ላይ ሌላ ይበቅላል፤ ያም ይወድቃል፤ ጠባሳው በጠባሳ ላይ ይደረደራል እንጂ አንዱም አይጠፋም። የእኛም የወተት ጥርስ የሚወድቀው በዚያው መንገድ ነው። አባቱ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ አጥንቱ አፉን ከፍቶ ይናገራል በለኛ» አለው። አዎ፣ ይናገራል። «ምን ይላል?» አጥንት መጀመሪያ እንዴት እንደመጣ ይላል አባዬ። በሻርክ ነገርማ ምሁሩ ሁሉ ተሳስቶ ነበር። ሻርክ አጽሙ ለጋ ነው፣ ጆሯችን ላይ እንዳለው የሚተጣጠፍ ነው፤ ስለዚህ የጥንቱ ዓሣ ሁሉ እንዲህ ለጋ ነበር፣ አጥንት በኋላ መጣ ይባል ነበር። ከሻርክም ከአጥንታሙም በፊት የነበረ ዓሣ ራስ ቅል ሲገኝ ግን ውስጡ ድረስ አጥንት ሆኖ ተገኘ። ሻርክ አጥንት ያጣ እንጂ ያልነበረው ዘር አይደለም ማለት ጀመሩ። አባቱ ሳቀ። «ይሄን ለማወቅ ስዊድን ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር?» አለ።

ዛሬ የያዘው ከዚያው ደሴት የወጣ ሌላ ቁራሽ ነው፣ ከመንጋጋው በስተኋላ ያለ። በዚህ ዓሣ የውስጡ አጽም ሙሉ አጥንት አይሆንም፤ ለጋው መሐል ላይ ሆኖ በእንቁላል ቅርፊት መጠን በሳሳ አጥንት ይጠቀለላል። ዓሣው ሲሞት ለጋው ይበሰብሳል፣ ቅርፊቱ ይቀራል። ጫፉ ክፍትና ሻካራ የሆነ እንደሆነ፣ እዚህ ጋ ለጋ ነበር፣ ይህ ገና አላለቀም ይባላል። ኒቆዲሞስ እጁ እንደለመደው ማስታወሻውን ጻፈ፦ ጫፉ ሻካራ፣ ክዳን የለውም፣ ገና በማደግ ላይ የነበረ። ጻፈና እጁን አነሣ። ክዳን የለውም። ይህን ሻካራ ጫፍ ሌላ ቦታ አይቶታል፤ ዓሣ ላይ አይደለም፤ ትናንት ነው ያየው።

ሕይወት ከቪዲዮው በኋላ የላከችውን ፎቶ ከፈተ። ጥርት ያለ ፎቶ ነው፤ ትናንት ለምን አላየውም? አላየውም፣ እሱ ነው ብሎ ጨርሶ ነበርና። የቅልጥሙን የጉልበት በኩል አስጠጋው። ያደገ ሰው አጥንት እዚያ ላይ ለስላሳ ራስ አለው፤ ይኼኛው ግን ራስ የለውም፤ ዝናብ የመታው አፈር መስሎ ወጣ ገባ ብሎ ያልቃል። ራሱ ገና ከአካሉ ጋር አልገጠመም ነበር፤ ለጋው መሐላቸው ነበር። ይህ የሚያድግ ልጅ ነው። ዐሥራ አምስት፣ ቢበዛ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ ሲሞት ስድሳ አራት ዓመቱ ነበር።

ተነሣ። የግራ ጫማውን ብቻ አደረገና ቀኝ እግሩን ባዶ ትቶ በጠባቧ ክፍል ከመስኮት እስከ በር ሄደ፤ ተመለሰ። ወደ ቀኝ ያዘነብላል። አጭሩ በሆነው እግር ያዘነብላል። የተሰበረ ቅልጥም ሲጋጠም ያጥራል፤ ያጠረ እግር ሰውን ወደ ራሱ ይጥላል፤ ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፣ አንድ ጫማ ይበቃል። ቀኙ ነው። አባቱ ቀኝ እግሩን ነው የሰበረው። በባዶ እግሩ በኩል ደጋግሞ ሄደ፤ እየሄደ አባቱን ከኋላው አየው፤ ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ አውቶቡሱ የሚሄደውን ሰውዬ አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው፤ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ዝቅ ይላል። አባዬ አለ፤ ድምፅ አውጥቶ ነው ያለው።

ሐረር ስንት ሰዓት ሆነ? ሰባት ተኩል። ሣጥኑ ተዘጋጅቷል፤ እንግዳው ተጠርቷል። ቢደውል ምን ሊል ነው? እማዬ፣ የሳምሽው የሌላ ሰው ልጅ ነው ሊል ነው? ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልቧም ደህና አይደለም። ደግሞስ ማን ያውቃል? ያ ልጅ አፍ የለው። ይቀበር፤ ስም ያግኝ፤ እናቱም ባሌን በክብር አሳረፍኩ ብላ ትኑር። ይህን አሰበ፤ ማሰቡን ሲያውቅ አፈረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ምክንያቱም እዚያው ዛፍ ሥር ሌሎች ሦስት ማዳበሪያዎች አሉ፤ ከሦስቱ በአንዱ አባቱ አለ፤ እሱ ዝም ካለ በዘጠኝ ሰዓት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ሻካራም ይሁን ለስላሳ የሚለየው የለም። አባቱን ለሁለተኛ ጊዜ ስም ሊያሳጣው ነው። የመጀመሪያውን በመዘግየት አጠፋ፤ ይህን አውቆ ሊያጠፋ ነው።

ደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም» አለችው ያቺ የማታውቀው፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የታገሠችው ሴትዮ። እንደገና ደወለ። አይችሉም። የእናቱን ቁጥር ሞከረ፤ ተይዟል። የሕይወትን። አይችሉም። ስምንት ሰዓት አለፈ። ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ይደውላል፤ ታች ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት የእሱን የማጠቢያ ተራ ወስዳ አንሶላ ተሸክማ ትወጣለች። ስምንት ተኩል አካባቢ ጠራ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ።

«እማዬ።»

«ኒቆ! ደወልክ?» ድምፅዋ ከሚጠብቀው በላይ ከፍ አለ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ሌላ ሰው ስታዞር ተሰማው። «ደወለ! ይደውላል አላልኩዎትም?»

«እማዬ ስሚኝ፣ እባክሽ የሣጥኑን ምስማር እንዳይመቱ። ትናንት ተሳስቻለሁ። ያ አባዬ አይደለም፤ ልጅ ነው፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የአባዬ ቀኙ ነው። ሌሎቹን ማዳበሪያዎች...»

«አውቃለሁ» አለች።

ግንባሩን ከመስኮቱ አነሣ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በቅቤ ያሸሁትን እግር አጣዋለሁ? ትናንት እጄ እንደነካው ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበራ! ቄሱ አሉ፣ ጎረቤት አለ። ልጄ ነው ብዬ የማወራልህን፣ ለብቻህ በሰው አገር ያለኸውን፣ በሰው ፊት ላዋርድህ? ተመልሶ ያየዋል አልኩ፤ አይቶም ይደውላል። አባትህ እንዲህ ነበር፤ ያጠፋ ዕለት እንቅልፍ የለውም፣ ሲነጋ መጥቶ ይናገራል።»

«ባልደውልስ?»

ከስልኩ ወዲያ የወፍ ድምፅ ይሰማል፤ የአካፋ ድምፅ ይሰማል። «ባትደውል አባትህን እኔው ሣጥኑ ውስጥ አስገባው ነበር» አለች። «ላንተ ግን አልነግርህም ነበር።»

ኒቆዲሞስ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አንድ እግሩ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማ፤ አንድ ያረጀ፣ የሚያውቀው ድምፅ መጣ።

«ኒቆ፣ ደህና ነህ ልጄ? ሰዒድ ነኝ።»

«ጋሽ ሰዒድ! እርስዎ ደህና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ዓይኔ ሄዷል፣ እጄ አለ። እናትህ ጠዋት ባጃጅ ልካ አስመጣችኝ። አባትህ አንደኛው ጆንያ ውስጥ ነው፤ አትጠራጠር። ወላሂ የራሴ ጥፋት አይጠፋኝም፤ ቀኙን በአንድ ጣት አሳጥሬ ነው የገጠምኩት፣ ይኸው እጄ ላይ ነው።» ጥቂት ተነፈሰ። «ያን ቀን ስንቴ እግሩን ገትሬዋለሁ፣ አንድ ጊዜ አልጮኸም። ጩህ አቦ፣ ይቀልሃል ብለው፣ ልጄ ውጭ ነው አለኝ። ይሰማል አለኝ።»

ኒቆዲሞስ አለቀሰ። ዘጠኝ ዓመት ያላለቀሰውን፣ ያን ሰንፎ ይሁን ፈርቶ ሳያለቅስ ያቆየውን፣ ጫማውን ታቅፎ አለቀሰ። ሽማግሌው አልከለከሉትም። ሲበቃው እናቱ ተመለሰች።

«ልጁስ?» አላት። «ሦስተኛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው?»

«ማዳበሪያ ውስጥ አይደለም። ስሜዋለሁ፣ በነጭ ጠቅልዬዋለሁ፤ የሳሙትን ሰው ወደ ማዳበሪያ ይመልሱታል? እሱም ተሰብሮ ድኖ ነበር፤ እግሩን ያሳሠረችለት፣ የተጨነቀችለት እናት ነበረችው። ቄሱን ጠይቄ እሺ ብለዋል። ከአባትህ ጋር ይገባል።»

«ኒቆ!» ሕይወት ስልኩን ነጠቀቻት። «ድንጋዩን በጋሪ አምጥተነዋል። ጠራቢው እዚህ ቆሟል፣ ዛሬ ይቀርጻል። ቃሉን አሁን ስጠኝ። ነገ እልካለሁ ካልክ ደግሞ፣ አቦ፣ እዘጋብሃለሁ!»

ፀሐይዋ በብርድ ልብሱ ጠርዝ ገብታ ወለሉ ላይ፣ ከጎኑ ተቀምጣለች። ዘጠኝ ዓመት ሲጽፍ ሲሰርዝ የኖረው የሚያምር ቃል ሁሉ አንዱም አልመጣለትም። «ሃምሳ አለቃ አባይነህ ሳህሉ» አለ። «ከሥሩ፦ ከእሳቸውም ጋር ስሙን ያላወቅነው ልጅ።» እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማዋል። «ከዚያ፦ ያሳረፏቸው ባለቤታቸው እልፍነሽ፣ ልጆቻቸው ሕይወትና...» አለ፤ እዚህ ላይ ነበር ሁልጊዜ እጁ የሚያዘው። «ኒቆዲሞስ» አለ።

«ቀስ በል» አለች ሕይወት፤ «እየጻፍኩ ነው።»